የቾክ ሪቨር የአቶም ምድጃና ያልተያያዙት ሁለት ፓምፖች

ሕግ አውጥቶ የሕግ ጠባቂ መሾም ለመንግሥታት ሁሉ የተለመደ ሥራ ነው። የተሾመው ጠባቂ በሕጉ መሠረት «ይህ ሥራ ይቁም» ባለ ጊዜ፥ የሚቆመውም ሥራ ለብዙ ሕዝብ ጤና የሚያስፈልግ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ግን፥ የሕጉም የሹሙም የመንግሥቱም ክብደት በዚያች ቀን ይመዘናል። እንዲህ ያለው ሚዛን በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ በካናዳ አገር ቆሞ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ነገሩ የተነሣው በአንድ ያረጀ የአቶም መፈተኛ ምድጃና ከመጠባበቂያ ኤሌክትሪክ ጋራ ሳይያያዙ በቀሩ ሁለት ፓምፖች ምክንያት ነው። እያደገ ሄዶ ግን ሁለቱን የሕግ ምክር ቤቶች በሌሊት አስቀመጠ፤ አንዲት ታላቅ ባለሥልጣንንም ከመንበራቸው አስነሣ።

ቾክ ሪቨር ከካናዳ ዋና ከተማ ከኦታዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኦታዋ ወንዝ ዳር የሚገኝ ስፍራ ነው። የአቶም ምርምር ቤት በዚያ የተቈረቈረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1944 ዓ.ም. ነው። ስፍራው ከመጀመሪያው ጀምሮ የዚህን ጥበብ በጎነትም አደጋም ያየ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተለኰሰው ኤን አር ኤክስ የሚባለው ምድጃ በዲሴምበር 1952 ዓ.ም. ተበላሽቶ የዩራኒየም ዘንጎቹ ቀለጡ፤ የሕንጻውም ምድር ቤት በጨረር በተበከለ ውኃ ተሞላ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጂሚ ካርተር በዚያን ጊዜ ወጣት የባሕር ኃይል መኰንን ነበሩና ለማጽዳቱ ሥራ ከመጡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ነገር የሆነው ኤን አር ዩ የተባለው ታላቁ ምድጃ ደግሞ በኖቬምበር 3 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዓመትም ሳይሞላው በግንቦት ወር 1958 ዓ.ም. አንድ የዩራኒየም ዘንግ ሲያወጡት ተሰብሮ ነደደና ሕንጻውን ለማጽዳት በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ተሰለፉ። እንግዲህ በቾክ ሪቨር «አደጋ የሚባለውን አናውቅም» ሊል የሚችል ሰው አልነበረም።

ሪአክተር የሚባለው የአቶም ምድጃ እንጨትም ከሰልም የማይነድበት ነው። በውስጡ የተሰካው ዩራኒየም እየተሰነጠቀ ታላቅ ሙቀትና ዓይን የማያየው ጨረር ይሰጣል። ከሌላው ምድጃ የሚለይበትም ዋና ነገር ይህ ነው፤ የማንኛውም ምድጃ እሳት ከጠፋ ጠፋ ይባላል፥ የአቶሙ ምድጃ ግን ከተዘጋ በኋላም ውስጡ እንደ ተዳፈነ ፍም ለብዙ ጊዜ ይግላል። ውኃ እየዞረ ካላቀዘቀዘው ራሱን ሊያቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ውኃውን የሚያዞሩት ፓምፖች የምድጃው የልብ ትርታ ናቸው። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ፓምፖቹ ቢቆሙ፥ ምድር ብትናወጥና የተለመደው መሥመር ቢበጠስ፥ ሌላ ኃይል ወዲያው ሊደርስላቸው ይገባል። ለኋላው ነገር ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ኤን አር ዩ ሦስት ሥራ በአንድነት ይሠራ ነበር። አንደኛው ፈተና ነው። ካናዳ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የምትሠራቸው ካንዱ የሚባሉት ሪአክተሮች የሚጠቀሙበት ነዳጅና ቧንቧ ለብዙ ዓመት ጨረርና ሙቀት ሲቀበል እንዴት እንደሚሆን የሚመረመረው በዚህ ምድጃ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የሊቃውንት ምርምር ነው። በቾክ ሪቨር ሲሠሩ የኖሩት በርትራም ብሮክሐውስ ከምድጃ በሚወጣው የኒውትሮን ጨረር የጠጣር ነገሮችን ውስጣዊ እንቅስቃሴ ለመመርመር ስለ ከፈቱት መንገድ በ1994 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በፊዚክስ ከአንድ አሜሪካዊ ሊቅ ጋራ ተካፍለዋል። ሦስተኛውና ለተራው ሕዝብ የቀረበው ሥራ የመድኃኒት ቤት ሥራ ነው።

ከምድጃው ውስጥ ሞሊብዲነም 99 የሚባል ነገር ይወጣ ነበር። ይህ ነገር በየ66 ሰዓቱ እኩሌታው እየጠፋ ይሄዳል፤ ሲጠፋም ቴክኒቲየም የሚባለውን ይወልዳል፥ እርሱም በየ6 ሰዓቱ እኩሌታው ይጠፋል። ሐኪሞች ቴክኒቲየሙን በበሽተኛው ደም ሥር ጥቂት ይሰጡና በልዩ መሣሪያ ልቡን፥ አጥንቱን፥ ኩላሊቱን ያያሉ። ካንሰር ወደ አጥንት መዛመቱንና አለመዛመቱን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት በዚህ ነው። ነገር ግን እንደ እህል በጎተራ፥ እንደ ቅቤ በቅል አይከማችም። ዛሬ ያልተመረተ እንደ ሆነ በሚመጣው ሳምንት የሐኪም ቤቱ መሣሪያ ባዶውን ይቆማል። ከዓለም ሁሉ ፍላጎት ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚደርሰውን የሚያወጣው ደግሞ ይህ የሃምሳ ዓመት ምድጃ ነበር። የቀረውን የሚያወጡት በሆላንድ፥ በቤልጅግ፥ በፈረንሳይና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ጥቂት ምድጃዎች ሲሆኑ፥ እነርሱም ቢሆኑ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ከጥቂት ምንጮች እየቀዳ፥ ከምንጮቹም ታላቁ እየደከመ ሳለ፥ ሌላ ጕድጓድ ሳይቈፈር ዓመታት አለፉ ማለት ነው።

ምድጃውን የሚያስተዳድረው የካናዳ የአቶም ኃይል ኩባንያ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ጠባቂው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ሥርዓት የተቋቋመው የካናዳ የኑክሌር ጥበቃ ኮሚሲዮን ሲሆን፥ ፕሬዚዳንቱ ወይዘሮ ሊንዳ ኪን ነበሩ። ጠባቂው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ምድጃው ስላረጀ የሚጨመሩለትን የጥበቃ ሥራዎች ከኩባንያው ጋራ ተስማምቶ ነበር፤ ሰባት ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ፈቃዱ ሲታደስም ሥራዎቹ ተፈጽመዋል በሚል መተማመን ታደሰ። ከሰባቱ አንዱ፥ ምድር ብትናወጥ እንኳ ከማይቋረጠው የመጠባበቂያ ኤሌክትሪክ ጋራ ዋና ዋናዎቹን ፓምፖች ማያያዝ ነበር።

በኖቬምበር 18 ቀን 2007 ዓ.ም. ምድጃው ለተለመደው እድሳት ለጥቂት ቀናት ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ሁለቱ ፓምፖች ከመጠባበቂያው ኤሌክትሪክ ጋራ አለመያያዛቸው ታወቀ። የተፈጸመ ነው የተባለው ሥራ አልተፈጸመም ነበር፤ ምድጃውም ከአንድ ዓመት በላይ እንዲሁ ሲሠራ ቆይቷል። ኮሚሲዮኑ የፈቃዱ ቃል ካልተፈጸመ ሥራው በሕግ አይቀጥልም አለ፤ ኩባንያውም ምድጃውን እንደ ተዘጋ አቆየው። በጽሑፍ «ዝጉ» የሚል ትእዛዝ አልወጣም፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ከፈቃዱ ውጭ ነህ ካለ በኋላ ምድጃ የሚለኵስ ድርጅት ሊኖር አይገባም።

በዲሴምበር መጀመሪያ ሐኪም ቤቶች መጮኽ ጀመሩ። የበሽተኞች ቀጠሮ ይሠረዝ ነበር፤ ካንሰሩ መዛመቱን ወይም አለመዛመቱን ለማወቅ ሲጠባበቅ የነበረ ሰው ወደ ቤትህ ሂድና ቈይ ይባል ነበር። እንዲህ ላለው ሰው በምድር መናወጥ ጊዜ የሚያስፈልግ ፓምፕ እጅግ የራቀ ነገር ነው፤ እርሱ የሚያስበው የራሱን አጥንት ነው። ይህም አይፈረድበትም። የአገሩ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትር ሚስተር ጌሪ ሉንና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር ስቲቨን ሃርፐር ነገሩን ከዚህ ከበሽተኛው ወገን ያዙት። በዲሴምበር 10 ቀን መንግሥት ኮሚሲዮኑ የበሽተኞችንም ጤና በሥራው እንዲያስብ መመሪያ ሰጠ። በማግሥቱ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት አስቸኳይ ሕግ ቀረበ፤ ይኸውም የመጠባበቂያው ኤሌክትሪክ ነገር ሳያግደው ምድጃው ለ120 ቀን እንዲሠራ የሚፈቅድ ነው። የምክር ቤቱ አባሎች ባለሙያዎችን አስቀርበው ከሰሙ በኋላ በዚያው ሌሊት አሳለፉት፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በሚቀጥለው ቀን ተቀበለው። ተቃዋሚዎቹም ፓርቲዎች አልከለከሉትም። በዲሴምበር 16 ቀን ምድጃው ተለኰሰ።

ምክር ቤት በሕዝብ ስለ ተመረጠ ሕግን በሕግ ሊያሻሽል ሥልጣን አለው። አደጋና አደጋን አመዛዝኖ ለበሽተኛው ማድላቱ ሊደገፍ የሚችል ፍርድ ነው፤ የተፈራው የምድር መናወጥም አልመጣ፥ ፓምፖቹም በተሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ተያያዙ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ነገሩ በመልካም የተፈጸመ ሊባል በቻለ ነበር። የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበርም በዚያው ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ነገር ግን ቍጣው ከጥፋተኛው ይልቅ ወደ ጠባቂው ዞረ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይዘሮ ኪን በቀድሞው የሊበራል መንግሥት የተሾሙ መሆናቸውን በምክር ቤት አነሡባቸው። ሚኒስትሩም ከበዓለ ልደት በኋላ በዲሴምበር 27 ቀን፥ ለምን ከሹመትዎ እንደማይነሡ ምክንያት ያቅርቡ የሚል ደብዳቤ ላኩባቸው። ወይዘሮዋ በጃንዋሪ 2008 ዓ.ም. በረዥም ደብዳቤ መለሱ፤ ሚኒስትሩ በሕግ ነጻ በሆነ መሥሪያ ቤት ሥራ ጣልቃ እየገቡ መሆናቸውን ገልጸው አልሸሸጉም። በጃንዋሪ 16 ቀን በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሊሰጡ ተቀጥረው ሳለ፥ በዋዜማው ማታ ከፕሬዚዳንትነታቸው ተሻሩ። ቃል ለመስጠት የተጠራ ሰው ሊናገር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው መሻሩ፥ ምንም ምክንያት ቢሰጠው፥ ለሚያይ ሰው መልካም መልክ የለውም። በኋላ ግን ከኮሚቴው ፊት ቀርበው የተናገሩት ቃል ይታወሳል፤ በዚያ ሁኔታ የምድጃው ነዳጅ የመበላሸት አደጋ በሺህ ዓመት አንድ ጊዜ የሚገመት ሲሆን፥ የዓለም ልማድ የሚጠይቀው ግን በሚሊዮን ዓመት አንድ ጊዜ ነው አሉ። በሌላ ወገን የቆሙት ባለሙያዎች አደጋው እንዲህ የሚያስፈራ አይደለም ብለው ተከራክረዋል።

ወይዘሮ ኪን ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት አቀረቡ። በኤፕሪል 2009 ዓ.ም. የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንትነቱ ሹመት መንግሥት እስከ ወደደ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነውና መሻራቸው ሕግን አልጣሰም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ስለ ሕጉ ፊደል ነው። ስለ ጥበቃው ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ መዝጊያውን ሲዘጋ ሊሻር እንደሚችል የሚያውቅ ዘበኛ በሌላ ሌሊት ምን ያደርጋል? የተሻሩት ስለ ሰነፉ ቢሆን፥ ጉቦም ቢበሉ፥ ማንም ባልተቈጨ ነበር። የተሻሩት ግን የተጻፈውን ፈቃድ እንደ ተጻፈ ስላነበቡ ነው።

ስለ እውነት ለመናገር፥ ጠባቂው መሥሪያ ቤትም ከነቀፋ ነጻ አልነበረም። ኩባንያውና ኮሚሲዮኑ በአንድነት ያስመረመሩት የውጭ መርማሪ በ2008 ዓ.ም. ባቀረበው መግለጫ ጕድለቱ በሁለቱም ወገን መሆኑን አሳየ። የፓምፖቹ ነገር በፈቃዱ ውስጥ ማንም ሊስተው በማይችል ቃል አልተጻፈም ነበር፤ ኩባንያው እንደ ተጨማሪ ማሻሻያ ሲቈጥረው ኮሚሲዮኑ እንደ ግዴታ ይቈጥረው ነበር። አንዱ «አድርጌያለሁ» ሲል ሌላው ሄዶ አላየም። ወረቀት ከወረቀት ጋራ ሲጻጻፍ ማንም ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ሽቦውን በእጁ አልያዘም ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለካናዳ ብቻ የሚቀር ታሪክ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚብሰው ጕድለት የፓምፖቹ አልነበረም። ኤን አር ዩ እንዳረጀ ሁሉም ያውቅ ነበርና ሌላ ምድጃ እንዲተካው ታስቦ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በተደረገ ውል ሜፕል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ምድጃዎች፥ እያንዳንዳቸው 10 ሜጋዋት፥ ለመድኃኒቱ ሥራ ብቻ ተብለው በዚያው በቾክ ሪቨር ተሠሩ። ሕንጻው አለቀ፤ የመጀመሪያው በ2000 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. ተለኰሱ። ነገር ግን ሲፈተኑ አንድ ያልታሰበ ጠባይ ታየባቸው። በሊቃውንቱ ሒሳብ ምድጃው ኃይሉ ሲጨምር እሳቱን በራሱ እንዲያቀዘቅዝ ነበር የታሰበው፤ በፈተናው ግን ኃይሉ ሲጨምር እሳቱ ደግሞ እንዲጨምር የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። አደጋው ጥቂት ነበር፤ መቈጣጠሪያውም ሊያዘው ይችል ይሆናል። ግን የሠሩት ሊቃውንት ራሳቸው ምክንያቱን ማወቅ አልቻሉም፤ ጠባይዋ ያልታወቀ በቅሎ ላይ ልጅ አይጫንም፥ ኮሚሲዮኑም በሙሉ ኃይል እንዲሠሩ ፈቃድ አልሰጠም። ከብዙ ዓመት ሙከራና ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ወጪ በኋላ በሜይ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራው እንዲቀር ተወሰነ። ወይዘሮ ኪን ከተሻሩ ገና አራት ወር መሆኑ ነበር። አዲሶቹ ምድጃዎች አንድም በሽተኛ ሳይጠቅሙ ተዘጉ፤ ሸክሙም ተመልሶ ባረጀው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ከ1996 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተተኪው እንደማይሳካ ምልክቱ አስቀድሞ ታይቷል። በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ ቢፈለግ፥ ከሌሎች አገሮች ጋራ የመመጋገብ ውል ቢደረግ፥ በ2007 ዓ.ም. ኮሚሲዮኑ «ቁም» ሲል ምድጃው ያለ ጩኸት በቆመ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነበር። ዓመታቱን ሁሉ ያሳለፉት ሹማምንት ሳይጠየቁ፥ በመጨረሻው ሳምንት በሩ ላይ የተገኙት ተጠየቁ።

አሮጌው ምድጃም የፖለቲካውን ውሳኔ አልጠበቀም። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. በአካባቢው ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ምድጃው ከቆመ በኋላ፥ ከዕቃው በታች ከባድ ውኃ የሚባለው ማቀዝቀዣ እየፈሰሰ ተገኘ። የአሉሚኒየሙ ግድግዳ በዝገት ተበልቶ ነበር። ቀዳዳውን ለመድፈን ጠጋኞቹ መሣሪያቸውን በጠባብ ቀዳዳ አስገብተው ከሩቅ ሆነው ሲበይዱ 15 ወር ሆነ፤ ምድጃው ተመልሶ የተለኰሰው በኦገስት 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጊዜ የሆላንዱ የፔተን ምድጃ ደግሞ ለጥገና ስለ ተዘጋ የዓለም ሐኪም ቤቶች በ2007 ዓ.ም. ካዩት የከፋ ችግር አዩ። በዚህ ጊዜ ግን የሚሻር ሹም አልነበረም፤ ብረትን ከሹመቱ ማን ይሽረዋል? የምክር ቤቱም ሕግ ዝገትን ለ120 ቀን አቁም ብሎ ሊያዝዘው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ልብ ገዛ። የመዝጊያው ቀን አስቀድሞ ተቈርጦ ተነገረ፤ ሐኪም ቤቶችም ነጋዴዎችም ሌላ ምንጭ እንዲፈልጉ ጊዜ ተሰጣቸው። ሞሊብዲነሙን በየጊዜው ማውጣት በኦክቶበር 31 ቀን 2016 ዓ.ም. ቆመ፤ አውስትራሊያና ሌሎችም ምርታቸውን ስላሳደጉ የተፈራው ረሃብ አልመጣም። የተጎዱት ሊቃውንቱ ናቸው። የብሮክሐውስን ፈለግ የተከተሉት ተመራማሪዎች አገራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ የኒውትሮን ምንጭ ስላጡ መሣሪያ ለመለመን ወደ ሌላ አገር መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ሌሎችም አገሮች በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ፈረንሳይ በሳክሌ የነበረውን ኦሲሪስ የተባለውን መፈተኛ ምድጃ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ዘጋች፤ ይተካዋል የተባለው በካዳራሽ መሠራት ከጀመረ ስምንት ዓመት አልፎት ገና አላለቀም ነበር። በኖርዌይ በሃልደን ከተማ በዋሻ ውስጥ ሲሠራ የኖረው የነዳጅ መፈተኛ ምድጃ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ለዘለዓለም ተዘጋ።

ኤን አር ዩ የተዘጋው በዚያው በ2018 ዓ.ም. በማርች 31 ቀን ማታ ነው፤ ዕድሜው ስድሳ ዓመት ካምስት ወር ያህል ሆኖት ነበር። ከተዘጋም በኋላ ፍሙ እስኪበርድ ድረስ ውኃው እንዲዞር ያስፈልግ ነበርና፥ የሌሊቱ ተረኞች በየስፍራቸው ቆዩ።